ቀኑን ጻፉት፦ ለጀማሪ የቴሌቪዥን የፖለቲካ ሪፖርተሮች

በቴሌግራም የሚጽፉልኝ ወጣቶች አሉ። "ጋሼ፣ የፖለቲካ ጋዜጠኛ መሆን እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?" ይሉኛል። አብዛኞቹ የሚጠብቁት ስለ ድምፅ፣ ስለ ካሜራ ፊት አቀራረብ፣ ስለ ሱፍና ክራቫት እንዳወራላቸው ነው። እሱን ማንም ያሳያችኋል፤ ደግሞ በጥቂት ወር ይለመዳል። እኔን ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያዋጣኝ ደብተር ነው። ማን፣ መቼ፣ የት ሆኖ፣ ምን ብሎ ቃል ገባ የሚል ተራ ደብተር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለሥልጣን በሳምንት ውስጥ ብዙ ቦታ ይናገራል። ስብሰባ ይከፍታል፣ የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣል፣ መግለጫ ይሰጣል። በየቦታው ቃል ይገባል። የገባውን ቃል ግን ከስድስት ወር በኋላ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም ብሎ ይተማመናል፣ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። እናንተ ያን የሚያስታውስ ሰው ከሆናችሁ ጥያቄያችሁ ክብደት ይኖረዋል። ካልሆናችሁ ግን ማይክ ያዥ ናችሁ።

"ጣቢያው አርካይቭ አለው አይደል?" ትሉ ይሆናል። አትመኑት። ድሮ የቤታካም ካሴት ውድ ነበር። ዜናው ከተላለፈ በኋላ ብዙው ካሴት ተመልሶ ሌላ ነገር ይቀረጽበት ነበር። በአንድ የሠራሁበት ጣቢያ አንድ ባለሥልጣን ከዓመት በፊት የተናገረውን ፈልጌ አርካይቭ ክፍል ስሄድ፣ የካሴቱ ጀርባ ላይ የድሮው ርዕስ በእስክሪብቶ ተሰርዞ "የእግር ኳስ ጨዋታ" ተብሎ ተጽፎበት አገኘሁት። ዛሬ ደግሞ ካሴት የለም፣ ግን "ሰርቨሩ ሞላ" ይባልና ጥሬ ቀረጻው ይጠፋል። የሚቀረው ተቆርጦ የተላለፈው ሁለት ደቂቃ ነው። እናንተ የምትፈልጉት አረፍተ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ የተቆረጠው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ደብተሩን ለራሳችሁ ያዙ። በወረቀትም ሆነ በስልክ፣ ግድ የለም። ቀኑን በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉ። የተናገረውን እንዳለ፣ በራሱ ቃል ጻፉ። "እንሠራለን" ካለ "እንሠራለን"፣ "ለመሥራት ጥረት እናደርጋለን" ካለ እሱኑ ጻፉ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ እሱም በኋላ የሚያመልጠው በዚያች ቀዳዳ ነው። ቁጥር ከጠራ ቁጥሩን፣ የሚያልቅበትን ጊዜ ከተናገረ ጊዜውን ክበቡበት። ከዚያ ያ ጊዜ ሲደርስ እንዲያስታውሳችሁ ስልካችሁ ላይ ሙሉት። ብዙ ጥሩ ዜና ያገኘሁት ከውስጥ አዋቂ ሹክሹክታ አይደለም፣ ሰኔ ላይ ተነስቼ የጥር ገጽ በመግለጥ ነው።

ቁጥር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጀማሪ የሚሸወደው እዚህ ነው።

መጀመሪያ የበጀት ዓመቱን እወቁ። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። "የ2010 በጀት ዓመት" ሲባል የጀመረው ሐምሌ 2009 ላይ ነው። ይህን ሳያስተውል "አምና" እና "ዘንድሮ" እያለ የሁለት የተለያዩ ዓመታት ቁጥር የሚያወዳድር ሪፖርተር ስንት አየሁ! ቃል አቀባዩ ቁጭ ብሎ በሆዱ ይስቃል፣ አያርመውም።

ሁለተኛው የአፈጻጸም መቶኛ ነው። "በዘጠኝ ወር ውስጥ አፈጻጸማችን 92 በመቶ ነው" ይላችኋል እንበል። ደስ ይላል። ግን የምኑ 92 በመቶ? የዘጠኝ ወሩን ዕቅድ ነው ወይስ የዓመቱን? ዕቅዱ ራሱ መሃል ላይ ተከልሶ ዝቅ ብሏል ወይ? ገንዘቡ ነው የወጣው ወይስ ሥራው ነው ያለቀው? አስፋልቱ ግማሽ ላይ ቆሞ በጀቱ ግን ሙሉ በሙሉ "ሥራ ላይ ውሎ" ሊገኝ ይችላል። "የምኑ?" የምትል ጥያቄ ብቻ ስንት መግለጫ አፍርሳለች።

ሦስተኛው ብር ነው። "በጀታችን በዚህን ያህል ቢሊዮን ብር አደገ" ሲባል ወዲያው አትጻፉት። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ብር ጎን ለጎን አስቀምጦ "አደገ" ማለት ተመልካቹን ማታለል ነው። ገበያ የሚወጣ ሰው ይህን ያውቃል፤ እናንተ ሳታውቁ ብትቀሩ ያፍርባችኋል።

ቁጥር መደመር ደግሞ አትፈሩ። በየካቲት 2010 ምን እንደሆነ ላስታውሳችሁ። የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን በቴሌቪዥን ተናገሩ። በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ የካቲት 23 ቀን ለተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ምክር ቤቱ 547 ወንበር ነው፣ ሁለት ሦስተኛው 365 ይመጣል። አፈ ጉባኤው መጀመሪያ የደገፉት 346 ናቸው አሉ። ቆይቶ ቁጥሩ 395 ተብሎ ታረመ፤ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ። ደምሩት፣ 490 ነው። በመጀመሪያው ቁጥር ብትደምሩት ግን 441 ነው የሚመጣው፤ የተጓደሉ ወንበሮችን ቀንሳችሁ ብታሰሉም 346 ሁለት ሦስተኛውን አይሞላም። ያን ቀን አገሩ ሁሉ ሲከራከርበት የዋለው ይህንን ነው። እንግዲህ ምክር ቤት የምትዘግቡ ከሆነ 365ን ገና ከቤት ሳትወጡ ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ መሄድ አለባችሁ። አዳራሽ ውስጥ ሆናችሁ ማስላት ከጀመራችሁ ዜናው አልፏችኋል።

የዓመቱንም አካሄድ ያዙት። ምክር ቤቱ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፣ ፕሬዚዳንቱ የመንግሥትን የዓመቱን አቅጣጫ ይናገራሉ። ያን ንግግር ሁሉም ሪፖርተር ያን ቀን ይዘግበውና ይረሳዋል። እናንተ ቃል በቃል ያዙትና አስቀምጡት። ከዚያ የግማሽ ዓመት፣ የዘጠኝ ወር ሪፖርት ይመጣል፤ ሰኔ ላይ በጀት ይጸድቃል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። የመስከረሙን ንግግር ሰኔ ላይ አውጥታችሁ ነጥብ በነጥብ ብትጠይቁ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ዜና አላችሁ። አዋጅ ሲወጣ ደግሞ የጋዜጣዊ መግለጫውን ማጠቃለያ ትታችሁ ነጋሪት ጋዜጣውን አንብቡ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዜናው ብዙ ጊዜ ማንም የማያነባቸው መጨረሻ ገጾች ላይ፣ "የተሻሩ ሕጎች" እና "የመሸጋገሪያ ድንጋጌ" የሚሉት ሥር ተደብቆ ነው ያለው።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ።

ከቃለ መጠይቅ በፊት የሕዝብ ግንኙነቱ ይደውላል። "ጥያቄዎቹን አስቀድመህ ብትልክልን ክቡር ሚኒስትሩ እንዲዘጋጁ" ይላል። እኔ ርዕስ እልካለሁ፣ ጥያቄ አልልክም። በትህትና ነው የምነግራቸው፦ "ስለ በጀቱ፣ ስለ ፕሮጀክቱ፣ ስለ ቅሬታው እንነጋገራለን፤ ዝርዝሩ ከመልሳቸው ነው የሚመጣው።" አንዳንዱ ይሰርዛል። ይሰርዝ። ጥያቄ ልካችሁ የምታገኙት መልስ ከወረቀት የሚነበብ ነው፣ ለቴሌቪዥን ደግሞ ከዚያ የከፋ ነገር የለም።

ጥያቄ አጭር ይሁን። ጀማሪ ሪፖርተር የሚያውቀውን ሁሉ ጥያቄው ውስጥ ይጨምራል፤ መግቢያ፣ ዳራ፣ አስተያየት፣ ከዚያ ሦስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ። ባለሥልጣኑ ከሦስቱ የምትቀለውን መርጦ ይመልሳል፣ ሁለቱ ተረሱ ማለት ነው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ደግሞ "ምን ይላሉ?" የሚል ጥያቄ ከአፋችሁ አይውጣ፤ የፈለጉትን እንዲሉ ፈቃድ መስጠት ነው።

አንድ ጊዜ በአንድ ክልል ከተማ የውሃ ፕሮጀክት ዘገባ ላይ ነበርኩ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ፓምፑ አልገባም፣ ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ቦኖው ፊት ተሰልፈዋል። ኃላፊውን ቢሮው ገብተን አገኘነው። ሰውየው ጥሩ ተናጋሪ ነው። "ፕሮጀክቱ መቼ ያልቃል?" አልኩት። "በቅርብ ጊዜ ውስጥ ለኅብረተሰቡ አገልግሎት ይሰጣል" አለኝ። ደብተሬን ገልጬ፣ "አምና ሚያዝያ ላይ፣ በዚሁ ቢሮ፣ 'እስከ ሰኔ መጨረሻ' ብለው ነበር። የትኛው ሰኔ ነው?" አልኩት። ከዚያ ዝም አልኩ። ካሜራማኑ ሲኒየር ሰው ነው፣ ገብቶታል፣ ቀስ ብሎ ካሜራውን ወደ ኃላፊው ፊት ጠጋ አደረገው። ኃላፊው የውሃ ጠርሙሱን አነሳ፣ ሳይከፍተው መልሶ አስቀመጠ። ዝምታው ከበደ። እኔም ከብዶኝ ነበር፣ አፌ ሊከፈት ሲል ያዝኩት። በመጨረሻ እሱ ራሱ ተናገረ፦ ከኮንትራክተሩ ጋር የነበረው ውል ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል፣ አዲስ ጨረታ አልወጣም። ይህን ማንም መግለጫ ላይ አልተናገረውም። ዜናው እሱ ሆነ።

ዝምታ ለቴሌቪዥን ሰው ከባድ ነው፣ አየር ላይ ባዶ ጊዜ እንዳይኖር ነው የተማርነው። ግን የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄ ጠይቃችሁ መልሱ ሲንሸራተት፣ ፊቱን እያያችሁ ትንሽ ቆዩ። የእኛ አገር ሰው ይሉኝታ አለው፣ ዝምታውን እሱ ይሞላዋል። ቀጥታ ስርጭት ላይ ግን ይህን አትሞክሩት፤ እዚያ የሚያዋጣው ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቃል ድጋሚ መጠየቅ ነው። ሦስተኛ ጊዜ አትጠይቁ። ሁለት ጊዜ ሳይመልስ ካለፈ ተመልካቹ አይቷል፣ ሦስተኛው ጥል ይመስላል፣ ሰዉም ወደ ተጠያቂው ያደላል።

ከቃለ መጠይቅ ወደ ክርክር ስንመጣ፣ የ1997ቱን የምርጫ ክርክሮች ያየ ሰው አይረሳቸውም። ስለ መሬት፣ ስለ ፌዴራል ሥርዓቱ፣ ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አገር እያያቸው ይከራከሩ ነበር። ልደቱ አያሌውን፣ ብርሃኑ ነጋን የመሳሰሉትን ብዙ ሰው በመልክም በአነጋገርም የለየው ያኔ ነው። የኋላው አሳዛኝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ፣ በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አዲስ አበባና አካባቢዋ ላይ ለአንድ ወር ሰልፍ መከልከሉን በቴሌቪዥን አወጁ፣ ከዚያ ሰው ሞተ፣ ፖለቲከኛውም ጋዜጠኛውም ታሰረ። ለሥራችን ግን ከክርክሮቹ የሚወሰደው የሰዓት አያያዝ ነው። አወያይ ሥልጣኑ ሰዓት ነው። ለአንዱ ሃያ ሴኮንድ ከጨመራችሁ ለሌላውም መጨመር ነው፣ ተመልካች ቤቱ ሆኖ ይቆጥራል። በተለይ የመንግሥት ሚዲያ ላይ ከሆናችሁ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5ን በቃል ያዙት፦ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ሚዲያ የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ ይመራል ይላል። አለቃ ፊት አንቀጽ መጥቀስ አንዳንዴ ይሠራል። ሁልጊዜ አይሠራም፣ አልዋሻችሁም።

ምስል ደግሞ ራሱ ይናገራል፣ ለዚህ ነው ኤዲቲንግ ክፍል ገብታችሁ ቁጭ በሉ የምለው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ምን እንደተላለፈ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የቀረጸውን ረሃብ ደርግ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት የድግስ ምስል እያቀያየረ አሳየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ሁለቱም ምስል እውነተኛ ነበር። ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው ፖለቲካው። እናንተ ስክሪፕት ጽፋችሁ ለኤዲተር ጥላችሁ ከሄዳችሁ፣ ሚዛናዊ ብላችሁ የጻፋችሁት ዜና ላይ የማን ፊት ከማን ፊት ቀጥሎ እንደገባ አታውቁም። የተቃዋሚው ባይት (ከንግግሩ ተቆርጦ የሚገባው ቁራጭ) ሲመጣ ጨለማ ክፍል፣ የሹሙ ሲመጣ አበባ ያለበት አዳራሽ ከሆነ፣ ቃሉ ሚዛን ቢጠብቅ ምን ይጠቅማል?

ወሬ ሲናፈስ ምን ላድርግ የሚሉኝም አሉ። በ2004 ክረምት የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ጤና ላይ ያልተወራ አልነበረም። አንዱ ሞቷል ይላል፣ መንግሥት እያገገሙ ነው ይላል። እስከ ነሐሴ 15 ጠዋት፣ ቴሌቪዥኑ ሞታቸውን እስከተናገረበት ድረስ፣ ከተማው በሹክሹክታ ነበር የሚኖረው። እንዲህ ባለ ጊዜ ወሬውን አትድገሙት፣ "ወሬ ነው" ብላችሁም አትናቁት። ልታረጋግጡ የምትችሉትን የማይካድ ነገር ፈልጉ። በዚያ ሐምሌ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ተካሂዶ አስተናጋጁ መሪ አልተገኙም። ይህ ወሬ አይደለም፣ ወንበሩ ይታያል። "የት ናቸው? መቼ ይመለሳሉ? ማን እየተካቸው ነው?" ብሎ መጠየቅ ደግሞ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ነው እንጂ ሐሜት አይደለም።

ስለ አበል አጭር ልበል። አዘጋጁ አካል "የትራንስፖርት" ብሎ በፖስታ የሚሰጠውን ተቀብሎ ያንኑ አካል መጠየቅ አይቻልም። ደመወዙ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በእሱ ቤት ኪራይ ከፍዬ ኖሬበታለሁ። ቢሆንም ጣቢያችሁ ይክፈል፣ ካልከፈለ ቅሩ። ምሳ ብሉ፣ አብሮ ምሳ መብላት የሰው ወግ ነው። ፖስታ ግን አትንኩ።

ከሁሉ አስቸጋሪው አሁን የመጣው ነው። በእኛ ጊዜ "የማን ደጋፊ ነህ?" ነበር የምንባለው። ዛሬ ሪፖርተሩ አፉን ሳይከፍት ስሙን አይተው ብሔሩን ያወጡለታል፣ የጠየቀው ጥያቄ በዚያ ይተረጎማል። መድኃኒት አለኝ አልልም። የጠቀመኝ ግን አለ። አንድን ወገን የጠየቃችሁትን ጥያቄ ሌላውንም በዚያው ቃል ጠይቁ፣ ቃሉን እንኳ አትቀይሩ፤ ሁለቱንም ቀረጻ ለራሳችሁ አስቀምጡ። ስድቡ አይቆምም፣ ግን አለቃ ቢሮ ስትጠሩ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል። ፌስቡክ ላይ ደግሞ በግል ገጻችሁ አትከራከሩ። ማታ በንዴት የጻፋችኋት አንዲት መስመር ጠዋት ቃለ መጠይቅ ታሰርዛለች።

ሰነድ ስትፈልጉ በቃል አትለምኑ። አዋጅ 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ደብዳቤ ጻፉ፣ የጠየቃችሁትን ሰነድ በስሙ ጥሩ፣ መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥርና ማህተም ያለበትን ቅጂ ያዙ። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 30 ቀን ነው። ብዙ ጊዜ መልስ አይመጣም። ግን "በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር ጠይቀን መልስ አላገኘንም" የሚል አረፍተ ነገር ዜና ላይ ስታስገቡ፣ ማህተሙን ካሜራ ሲያሳየው፣ አንዳንዱ ቢሮ በማግስቱ ይደውላል።

"ጣቢያ አልቀጠረኝም፣ ዩቲዩብ ልክፈት ወይ?" ለምትሉኝ፦ ክፈቱ። ግን የኦንላይን ሚዲያ ምዝገባ እንዳለ እወቁ፣ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው የሚያስተዳድረው። አዋጅ 1238/2013ን እና የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁን፣ 1185/2012ን፣ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ። በእኔ አስተያየት መጀመሪያ ላይ እንግዳ እየጋበዛችሁ አታውሩ፣ እሱን ሁሉም እያደረገው ነው። የወረዳችሁን ምክር ቤት ያዙ። ጉባኤው መቼ እንደሆነ ጠይቁ፣ ግቡ፣ ከልክለው ቢያስወጧችሁ ማን በምን ምክንያት እንዳስወጣችሁ ጻፉ። የወረዳው ካቢኔ ባለፈው መስከረም ምን ቃል እንደገባ አውጥታችሁ ያንን ብቻ ተከታተሉ። ተመልካቹ መጀመሪያ የሰፈራችሁ ሰው ብቻ ይሆናል። የውሃ መስመሩ፣ የኮብልስቶኑ፣ የጤና ጣቢያው ጉዳይ ሲሆን ግን የሰፈር ሰው እስከ መጨረሻ ያያል፣ ለጎረቤቱም ይልካል። ስትጨርሱ ጥሬ ቀረጻውን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፣ አንዱ ቤታችሁ አይሁን።